ፖሊስ ሲበድል የት አቤት ይባላል? የአቤቱታ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ የሃያ ዓመት ልጃቸውን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ልጁ ማታ ከሥራ ሲመለስ ሦስት ሰዎች ደብድበው ስልኩንና ቦርሳውን ወስደውበታል። ዓይኑ ሥር አብጧል፤ ሸሚዙ ላይ ደም አለ። ተረኛው ፖሊስ መዝገቡን እንኳ ሳይገልጥ "የመቱህን ታውቃቸዋለህ? ምስክር አለህ? እንግዲያው ማስረጃ ይዛችሁ ኑ" ብሎ መለሳቸው። በማግስቱ ሲሄዱ መርማሪው ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ተረኛ ገጠማቸውና ነገሩ እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከተመላለሱ በኋላ የጥብቅና ሥራዬን ስለሚያውቁ ወደ ቤቴ መጡ። "ልጄ፣ ይህን ፖሊስ የት ልክሰሰው?" አሉኝ።

"እትዬ፣ እርስዎ ምን እንዲደረግልዎት ነው የሚፈልጉት?" ስላቸው ጥያቄው አስገረማቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "የልጄ ነገር እንዲመረመርልኝ ነው እንጂ እሱ ቢቀጣ ባይቀጣ ለእኔ ምን ይረባኛል?" አሉ። የምንሄድበትን መንገድ የወሰነው ይህ መልሳቸው ነው።

በአገራችን በፖሊስ የተበደለ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ብዙ ነው። የፖሊስ የውስጥ ዲሲፕሊን አለ፤ ዐቃቤ ሕግ አለ፤ ፍርድ ቤት አለ፤ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም አሉ። ሰው የሚደክመው ቦታ አጥቶ ሳይሆን የሚፈልገውን ነገር በማይሰጥ ቦታ ወረፋ ይዞ ነው። ካሣ የሚፈልግ ሰው ዓመት ሙሉ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ደጅ ይጠናል። ልጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የታሰረበት አባት ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ዳኛ መሄድ ሲገባው ለአምስት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይበትናል። ስለዚህ መንገዶቹን የማነጻጽረው በአንድ መለኪያ ነው፤ ይህ መንገድ በመጨረሻ እጅዎ ላይ የሚያኖረው ምንድን ነው?

ጥፋቱ የትኛው ነው? ፖሊሱስ የማን ነው?

ከመንገዱ በፊት ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የጥፋቱ ዓይነት ነው። አቤቱታ አለመቀበል፣ መዝገብ ማጓተት፣ ተጠርቶ አለመምጣት፣ በእጅ ያለ ማስረጃ እስኪጠፋ ዝም ማለት ሥራን ቸል ማለት ነው። መሳደብ፣ ማዋረድ፣ ጠጥቶ ሥራ ላይ መገኘት፣ ለአንድ ወገን ማዳላት የሥነ ምግባር ጉድለት ነው። መደብደብ፣ ያለ ሕግ ማሰር፣ ጉቦ መጠየቅ ደግሞ ወንጀል ነው። አስተዳደራዊ ተጠያቂነት፣ ማለትም በዋናነት የፖሊስ የውስጥ ዲሲፕሊን፣ ሦስቱንም ያቅፋል፤ የወንጀል ክስ ግን በዋናነት የሚደርሰው ሦስተኛው ላይ ነው። "ይህማ ትንሽ ነገር ነው" ተብለው የሚተዉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከዲሲፕሊን ውጭ ጠንካራ መድረክ የላቸውም። ከባዱ ጥፋት ግን በዲሲፕሊን ብቻ እንዲታይ መተው የለበትም። ይህን ነጥብ ከታች እመለስበታለሁ፤ ብዙ መዝገብ የሚበላሸው በእሱ ነውና።

ሁለተኛው የፖሊሱ ማንነት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የፌዴራል ፖሊስን ለፌዴራል መንግሥት፣ የክልል ፖሊስን ለየክልሉ ሰጥቷል። አዲስ አበባና ድሬዳዋም የራሳቸው የፖሊስ ኮሚሽን አላቸው። ለአንዱ የተጻፈ አቤቱታ ለሌላው ሲደርስ "አይመለከተንም" የሚል ማስታወሻ ይዞ ይመለሳል፤ እስከዚያ አንድ ወር ያልፋል። ስለዚህ የደንብ ልብሱን ዓይነት፣ በደረቱ ወይም በክንዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ማዕረጉን፣ መለያ ቁጥሩን፣ የመኪናውን ሰሌዳ ያስተውሉ። በከተሞች የምናያቸው ደንብ አስከባሪዎች ፖሊስ አይደሉም፤ በእነሱ ላይ የሚቀርበው አቤቱታ የሚሄደው ለራሳቸው መሥሪያ ቤት ነው።

ሰውየው አሁን ታስሮ ካለ

እንዲህ ከሆነ ሌላው ንጽጽር ሁሉ ይቆይ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በግምት የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ብቻ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ቅዳሜና እሑድ ይህን ጊዜ እንደሚያቆሙት የሚናገሩ ፖሊሶች ያጋጥማሉ፤ ድንጋጌው ግን ከጉዞ በቀር የለየው ነገር የለም። ጊዜው ካለፈ ፍርድ ቤቱ የአካል ነጻነቱን እንዲያስከብርለት መጠየቅ የማይጣስ መብቱ ነው። አሠራሩ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ተጽፏል። ማመልከቻው በቃለ መሐላ ተደግፎ ይቀርባል፤ ታሳሪው ራሱ መፈረም ካልቻለ ሌላ ሰው ቃለ መሐላውን ይሰጣል። ፍርድ ቤቱም ያሰረው አካል ታሳሪውን ይዞ ቀርቦ የያዘበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ያዛል።

ከሁሉም መንገዶች ፈጣኑ ይህ ነው፤ የሚሰጠው ግን መፈታትን ወይም ፍርድ ቤት መቅረብን ብቻ ነው። ያሰረውን ፖሊስ አይቀጣም፤ ካሣም አይወስንም። ታሳሪው አንዴ ፍርድ ቤት ቀርቦ የጊዜ ቀጠሮ (ምርመራው እስኪያልቅ በእስር የሚቆይበት ጊዜ) ከተሰጠበት በኋላ ደግሞ ክርክሩ ወደ ዋስትናና ወደ ቀጠሮው ርዝመት ይዞራል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይገድባል።

የቀረበበትን ቀን ግን በከንቱ አያሳልፉት። ታሳሪው ተደብድቦ ከሆነ ለዳኛው በቃሉ ይናገር፤ ጉዳቱን ያሳይ፤ የተናገረው በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍርና ሐኪም እንዲያየው ትእዛዝ እንዲሰጥ ይጠይቅ። ብዙ ሰው ፈርቶ ወይም "ከወጣሁ በኋላ እናገራለሁ" ብሎ ዝም ይላል። ከወጣ በኋላ ሰንበሩ ጠፍቷል። በመዝገብ ላይ ያረፈች አንዲት መስመር ከሁለት ወር በኋላ ከሚመጡ አምስት ምስክሮች የበለጠ ስትረዳ አይቻለሁ።

የፖሊስ የውስጥ ዲሲፕሊን

አስተዳደራዊ ተጠያቂነት ሲባል በዋናነት ይህ ነው። ፖሊስ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ የሚመራ ሠራዊት ነው፤ ጥፋቶች ቀላልና ከባድ ተብለው ይለያሉ፤ ቅጣቱም ከማስጠንቀቂያና ከደመወዝ ቅጣት ተነሥቶ ማዕረግ ዝቅ እስከማድረግና ከሥራ እስከማሰናበት ይደርሳል። አቤቱታው ከጣቢያው አዛዥ ይጀምራል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ቀጥሎ የክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ፣ ከዚያም ኮሚሽኑ ይመጣል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም በወንጀል ሕግ የማይያዙ ጥፋቶችን መያዙ ነው። አቤቱታዎን ያልመዘገበ፣ ስልክ ደውለው የተሳደበብዎ፣ መዝገብዎን ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ፖሊስ በወንጀል ተከሶ የሚፈረድበት ጊዜ እምብዛም ነው። በዲሲፕሊን ግን ይጠየቃል። የማስረጃ ሸክሙም ይቀላል። በወንጀል ክስ ዐቃቤ ሕግ ከጥርጣሬ በጸዳ ማስረጃ ማሳመን አለበት፤ በዲሲፕሊን ግን ጥፋቱ መፈጸሙ ካለመፈጸሙ ይልቅ የሚታመን ሆኖ መገኘቱ ይበቃል። ደግሞም አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ቅጣት ሳይሆን አዛዡ ስልክ አንሥቶ "ያ መዝገብ የት ደረሰ?" ማለቱ ነው። ቸልተኝነት የሚድነው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። መርማሪው ኮማንደር የሚመረምረውን ሳጅን ያውቀዋል፤ አብረው ተረኛ ሆነው አድረው ይሆናል። አቤት ያሉት እርስዎ በዚህ ሂደት ውስጥ ምስክር ነዎት እንጂ ተከራካሪ ወገን አይደሉም፤ ውሳኔው ሳይነገርዎት ሊቀር ይችላል። አንድ ብር ካሣ አይወሰንልዎትም። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን "እርምጃ ተወስዷል" ከተባለ በኋላ ሲጣራ የተወሰደው እርምጃ ዝውውር ሆኖ መገኘቱ ነው። ዝውውር ቅጣት አይደለም። ያንኑ ሰው ወደ ሌላ ሰፈር ነዋሪዎች መላክ ነው። ስለዚህ በማመልከቻዎ መጨረሻ ላይ "የተሰጠው ውሳኔ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አይርሷት፤ መልስ ሲመጣም "ምን ዓይነት እርምጃ?" ብለው ይጠይቁ።

የተከሰሰው ፖሊስም መብት አለው። ክሱን ማወቅ፣ መልስ መስጠት፣ መከላከያ ማቅረብ ይችላል። ይህን የማነሣው ለጨዋነት ብቻ ሳይሆን፣ ሳይሰማ የተቀጣ ፖሊስ በይግባኝ ስለሚመለስና የእርስዎም አቤቱታ አብሮ ስለሚወድቅ ነው። ስለዚህ ያዩትን ብቻ ይጻፉ። የሰሙትን "ሰምቻለሁ" ብለው ይጻፉ። አውቆ በሐሰት መወንጀል ራሱ ወንጀል መሆኑንም አይዘንጉ።

ዐቃቤ ሕግና የወንጀል ክስ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሁለት አንቀጾች ለዚህ ጉዳይ በቀጥታ የተጻፉ ናቸው። አንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ወይም ሕግ ያዘዘውን ሥርዓት ሳይጠብቅ ሰውን የያዘ፣ ያሰረ ወይም ነጻነቱን ያሳጣ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል። አንቀጽ 424 ደግሞ ተጠርጣሪን፣ ታሳሪን ወይም እስረኛን ቃል ለማውጣት ወይም በሌላ ምክንያት የደበደበ፣ ያስፈራራ፣ ያሰቃየ ሰውን ይመለከታል። ያዘዘው አለቃ ከፈጸመው ይልቅ ይከብድበታል። "ታዝዤ ነው" ማለትም ብቻውን አያድንም፤ በአንቀጽ 74 መሠረት የትእዛዙን ሕገወጥነት እያወቀ የፈጸመ የበታች ተጠያቂ ነው። ሥልጣንን አላግባብ መጠቀምና ጉቦ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ይታያሉ።

ይህ መንገድ የሚሰጠው እስራትና የወንጀል ሪከርድ ነው። የትኛውም ዲሲፕሊን የማያደርሰው ክብደት አለው። ችግሩ ግን ግልጽ ነው፤ ወንጀልን የሚመረምረው ፖሊስ ነው። የደበደበዎትን ሰው የሚመረምረው የሥራ ባልደረባው ሊሆን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው መውጫ አለ። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት የወንጀል አቤቱታ የሚቀርበው ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለዐቃቤ ሕግም ነው። ጣቢያው በራሱ አባል ላይ የሚቀርብ ክስ አልቀበልም ቢል ወይም መሄድ ቢያስፈራዎት በቀጥታ ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ይሂዱ። ዐቃቤ ሕግ ፖሊስን ማዘዝ፣ ምርመራው በሌላ ክፍል እንዲካሄድ ማድረግም ይችላል። አልከስም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ለበላዩ ዐቃቤ ሕግም አቤት ይበሉ።

የወንጀል ክስ ጠላቱ ጊዜ ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሐኪም ቤቱ ለፍርድ ቤት የሚሆን የሕክምና ማስረጃ ለመስጠት የፖሊስ ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል፤ ደብዳቤውን የሚከለክልዎ ያው ፖሊስ ከሆነ እንደማንኛውም ሕመምተኛ ካርድ አውጥተው ይታከሙ። ሐኪሙ በካርዱ ላይ የሚጽፈው "በግራ ጀርባ ላይ ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር ሰንበር" የሚል ማስታወሻ ቀን አለው፤ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይመጣል። ጉዳቱን ፊትዎ አብሮ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሡ። የተቀደደ ልብስ አይታጠብ።

ምስክሮቼ ይፈራሉ ለሚሉ ደግሞ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ለማንኛውም ጉዳይ የሚሰጥ ጥበቃ አይደለም፤ ከባድ ወንጀሎችን ይመለከታል። ቢሆንም ለዐቃቤ ሕጉ ሊነሣ የሚገባው ነው።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ነው። ከባድ ድብደባ ተፈጽሞ "ጉዳዩን በዲሲፕሊን ይዘነዋል፣ ውጤቱን ጠብቁ" ይባላል። ቤተሰቡ በተስፋ ይጠብቃል። ወራት ያልፋሉ፤ ሰንበሩ ይድናል፤ አብሮ የታሰረው ምስክር አድራሻው ይጠፋል፤ በመጨረሻም "የአሥር ቀን ደመወዝ ተቀጥቷል" የሚል ወሬ ይሰማል። ዲሲፕሊንና ወንጀል ሁለት የተለያዩ ተጠያቂነቶች ናቸው። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም፤ አንዱ መቀጣቱም ሌላውን አይዘጋም። "ዲሲፕሊኑ እስኪያልቅ" የሚልዎ ሰው በሕግ የማይገደዱበትን ነገር እየጠየቀዎት ነው። የድብደባ ጉዳይ በመጀመሪያው ሳምንት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ መድረስ አለበት፤ ዲሲፕሊኑ ጎን ለጎን ይሂድ።

የካሣ ክስ

ሥራዎ ከቀረ፣ ለሕክምና ገንዘብ ከወጣ፣ ዕቃዎ ከጠፋ ይህን የሚመልስልዎ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ራሱ ኃላፊ መሆኑን ይናገራል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተጎጂው መንግሥትን መጠየቅ ይችላል። መንግሥትም ከፍሎ ወደ ሠራተኛው ይመለሳል። ጥፋቱ የግል ከሆነ መንግሥት አይጠየቅም። ልዩነቱ የሚለካው በቅን ልቡና ነው፤ ፖሊሱ በሥልጣኑ ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እየሠራ መሆኑን በቅንነት ካመነ የሥራ ጥፋት ነው፤ ቂም ለመወጣት ከሆነ የግል ነው። ሕጉ ቅን ልቡናን አስቀድሞ ይገምታል። ተጎጂው ሁለቱን ወገኖች አንድ ላይ እንዲከስ የምመክረው ለዚህ ነው። ፖሊሱን ብቻ የከሰሰ ሰው ቢፈረድለት እንኳ ከአንድ ኮንስታብል ደመወዝ የሚገኘው ስንት ነው?

ሁለት ቁጥሮች ይያዙ። የመጀመሪያው 2 ዓመት ነው። አንቀጽ 2143 ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ያ ረጅሙ ይሠራል። የዲሲፕሊን ውጤት ሲጠብቁ ሁለቱ ዓመት ያለፈባቸው ሰዎች ገጥመውኛል። ሁለተኛው 1,000 ብር ነው። በአንቀጽ 2116 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከዚህ አይበልጥም። ሕጉ ሲወጣ ይህ ገንዘብ ክብደት ነበረው፤ ዛሬ ግን በሕዝብ ፊት በጥፊ ለተመታ ሰው ክብር 1,000 ብር መተመን ስድብ ላይ ስድብ ነው፤ መሻሻል ነበረበት። ስለዚህ የካሣ ክስ የሚያዋጣው በደረሰኝ የሚረጋገጥ የገንዘብ ጉዳት ወይም የሥራ አቅም ማጣት ሲኖር ነው።

በወንጀል ነጻ የወጣ ፖሊስ በካሣ ሊረታ ይችላል፤ በአንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ዳኛው በወንጀሉ ነጻ መባል አይታሰርም። የወንጀል ክሱ ከተመሠረተ ደግሞ ካሣውን በዚያው ችሎት መጠየቅም ይቻላል፤ ጥያቄው የሚቀርበው ክሱ መሰማት ሲጀምር ነውና ቀጠሮውን ይከታተሉ። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው በደሀ ደንብ መክሰስ ይችላል። በሕግ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ለዚህ ዓይነቱ ሰው ጥሩ በር ናቸው፤ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

ኢሰመኮና እንባ ጠባቂ

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) በአዋጅ ቁጥር 210/1992፣ የእንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋቋሙ። የመጀመሪያው አዋጅ በ1224/2012 ተሻሽሏል፤ ሁለተኛው በ1142/2011 ተተክቷል። ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። አለያየታቸው እንዲህ ነው፦ ድብደባ፣ ሕገወጥ እስር፣ ቤተሰብ እንዳይጠይቅ መከልከል የሰብአዊ መብት ጉዳይ ነውና ወደ ኮሚሽኑ ይሄዳል። መዝገብ ማጓተት፣ መልስ መከልከል፣ የሚገባን አገልግሎት አለመስጠት የአስተዳደር በደል ነውና ወደ እንባ ጠባቂ ይሄዳል። እንባ ጠባቂ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ለራሱ ለተቋሙ አቤት ብለው እንደሆነ ይጠይቃል፤ የጣቢያውና የመምሪያው ማኅተም ያለበት ወረቀት እዚያ ዋጋ ያገኛል።

ሁለቱም ገንዘብ አያስከፍሉም፤ ጠበቃም አያስፈልግም። ለኮሚሽኑ በቃልም አቤት ይባላል፤ ዘመድ ወይም ሌላ ሰውም ስለ ተጎጂው ማመልከት ይችላል። ኮሚሽኑ ማቆያ ቦታዎችን ሳያሳውቅ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። ሰው ያለበት ጣቢያ ሳይታወቅ ሲቀር ይህ ሥልጣን ከማንኛውም ደብዳቤ ይበልጣል። ማሰር ወይም መፍረድ ግን አይችሉም፤ መርምረው የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣሉ፣ ይከታተላሉ፣ ያሳውቃሉ። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም አይመለከቱም፤ ስለዚህ በአንድ ጉዳይ ላይ ክስ መሥርተው ወደ እነሱ መሄድ አያዋጣም።

እኔ ብሆን የቱን እመርጣለሁ?

አቤቱታዬን አልመዘግብም ቢሉኝ፦ ዲሲፕሊንና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቀን። ለጣቢያው አዛዥ በጽሑፍ፣ ግልባጭ ለመምሪያው፤ ዋናውን የወንጀል አቤቱታ ደግሞ በቀጥታ ለዐቃቤ ሕግ።

ብደበደብ፦ ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎ ዐቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑ። ዲሲፕሊኑን ለመምሪያው በደብዳቤ አሳውቄ እንዲሄድ እተወዋለሁ እንጂ አልጠብቀውም።

ጉቦ ብጠየቅ አልጨቃጨቅም። የተባለውን ቃል፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ወዲያው ጽፌ ገንዘቡን ሳልሰጥ ለፀረ ሙስና አካል እጠቁማለሁ። ገንዘቡ ከተሰጠ በኋላ ሰጪውም ጥያቄ ይነሣበታል።

ብሰደብ፦ ዲሲፕሊን ብቻ። ለአንድ ስድብ ዓመት የሚፈጅ ክስ መመሥረት ጉልበትን መጨረስ ነው፤ ያው ፖሊስ ሦስት ሰዎችን ከሰደበ ግን ሦስቱ በአንድ ማመልከቻ ይፈርሙ፤ ክብደቱ ይለወጣል።

በስሕተት ታስሬ ሥራዬን ባጣ፦ ከተፈታሁ በኋላ የካሣ ክስ በፖሊሱም በተቋሙም ላይ፤ የታሰርኩበትንና የተፈታሁበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ግልባጭ አስወጥቼ።

የአንድ ገጽ ማመልከቻ

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ጉዳዩ የሚቆመው በወረቀት ላይ ነው። በቃል የተነገረ አቤቱታ ተረኛው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፤ ፖሊሱ ማን እንደሆነ ወይም ምን እንደሚመስል፤ ምን አደረገ ወይም ምን ሳያደርግ ቀረ፤ ማን አየ፤ ምን እንዲደረግ እፈልጋለሁ። "ሰብአዊነት የጎደለው፣ አረመኔያዊ፣ በታሪክ የማይረሳ" የሚሉ ቃላት ይቅሩ፤ አንባቢውን ያደክማሉ እንጂ ምንም አያስረዱም። "ሐምሌ 3 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ቀርቤ ቃሌን አልቀበልም ተብያለሁ" ማለት ይበቃል። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሌላው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገው ወደ ቤት ይመለሱ። ማኅተም አናደርግም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩት፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ማስረጃ ይሆናል።

ለጎረቤቴ የጻፍነው ማመልከቻ አሥራ አራት መስመር ነበር። ከመስመሮቹ አንዱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 22 ይጠቅሳል፤ ፖሊስ የቀረበለት አቤቱታ ቢያጠራጥረውም እንኳ ምርመራ የማድረግ ግዴታ አለበት ይላል። "ማስረጃ ይዛችሁ ኑ" የሚለው መልስ በዚህ አንቀጽ ፊት አይቆምም፤ ማስረጃ መፈለግ የማን ሥራ እንደሆነ ሕጉ ከስድሳ ዓመት በፊት ወስኖታልና። አንዱን ቅጂ ለአዛዡ፣ አንዱን ለመምሪያው፣ አንዱን ለዐቃቤ ሕግ አስገባን። በማመልከቻው ላይ ፖሊሱ እንዲቀጣ የሚጠይቅ ቃል አልነበረም፤ እሳቸው አልፈለጉም። በስድስተኛው ቀን ልጁ ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ፤ የሕክምና ደብዳቤም ተጻፈለት። ያበጠው ዓይኑ ግን ከዳነ ሰንብቶ ነበር፤ ሐኪሙ መጻፍ የቻለው "ጠባሳ" የሚለውን ብቻ ነው።